ዘፈን የለበሰው ዱዓ

ንዴቴን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ደብቄው ብጀምር መሃል ላይ አፈትልኮ መውጣቱ አይቀርም። በእኛ ከተማ፣ በጭሮ፣ ሰርግ የሚቀርጹ ሰዎች ድምፅ ይጠላሉ። ምስል ይወዳሉ። መብራት ይወዳሉ። የሙሽራዋን ጫማ ለብቻው አልጋ ላይ አስቀምጠው ግራ ቀኝ እየዞሩ መቅረጽ ይወዳሉ። ሰው ያወራውን፣ የሳቀውን፣ የመረቀውን ግን ጠርገው ይጥሉና ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘፈን ይጭኑበታል። የእኛ አገር የሰርግ ቪዲዮ ማለት አፉን በሚያንቀሳቅስ ሕዝብ ላይ የተለጠፈ የኦርጋን ሙዚቃ ነው። ደግሞ ማንም አይቆጣም! እንዲያውም ከዘፈኑ ስር የአንድ ሰው ድምፅ አምልጦ ከተሰማ ባለሰርጎቹ ራሳቸው ፎቶ ቤት ድረስ ሄደው «ይሄ ጫጫታ ምንድን ነው፣ አስተካክልልን እንጂ» ይላሉ።

እኔ አዲስ አበባ ፊልም የምማር ሰው ነኝ። እናቴ ለጎረቤት «ቴሌቪዥን ትማራለች» ብላ ነው የምታስረዳው። አባቴ ደግሞ «እሷ ሰው የማያየውን ነው የምትማረው» ይል ነበር፣ እየሳቀ። አልተሳሳተም። የሙከራ ሲኒማ የሚባል ትምህርት አለን፤ ታሪክ የሌለው፣ ተዋናይ የሌለው፣ ብርሃንና ድምፅ ብቻቸውን የሚሠሩበት ፊልም ነው። መምህራችን ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን መጋረጃውን ዘግቶ አንዱን ሲያሳየን ግማሹ ተማሪ ስልኩን አወጣ፣ ግማሹ ተኛ። እኔ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ጥቁር ላይ ነጭ ብርሃን ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሌላ ምንም የለም። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» አልኩ በልቤ።

እንዴት አላውቀው! በቀትር ጫት ተራ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሻጮቹ ሴቶች ከፀሐይ የሚከለሉበት ሰማያዊ ሸራ አለ። ከስሩ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሰማያዊ ነው፣ እጁ ሰማያዊ ነው፣ ጫቱም ሰማያዊ ነው። ንፋስ ሸራውን ብድግ ሲያደርገው ፀሐይ ትገባና ሁሉም በአንዴ ወደ መልኩ ይመለሳል፤ ንፋሱ ሲያልፍ መልሶ ሰማያዊ። ልጅ ሆኜ ይሄን ሳይ መሄጃዬን ረስቼ እቆም ነበር። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቤት ውስጥ ያለ ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ አይሰማም። ሁሉም እስኪያባራ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከአባቴ በስተቀር። አባቴ ከዝናቡ ጋር ይጯጯህ ነበር።

አባቴ ከመቻራ ቡና የሚያመጣ ነጋዴ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ኮረኮንች መንገድ በአይሱዙ ጋቢና ሲመላለስ፣ ከሞተሩ በላይ ሲጮህ ኖሮ፣ ድምፁ ጮክ እንዳለ ቀረ። ቤት ውስጥ ጨው አቀብሉኝ ሲል ጎረቤት ይሰማል። ቁጡ ነበር፤ ተቆጥቶ ሳይጨርስ የሚስቅ ዓይነት ቁጡ። ስልክ ላይም ያው ነው። «ደህና ነሽ? በላሽ? በይ ተማሪ!» ይልና ደህና ነኝ ሳልለው ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል። አንድ ጊዜ የድምፅ መልእክት ላክልኝ ብለው «ኧረ አቦ! ከማን ጋር ነው የማወራው፣ ከብረት ጋር?» አለኝ። እናም ድምፁ የትም የለም። ነገሩ ይሄ ነው። ባለፈው ክረምት ድንገት ሲሞት ያ ሁሉ ጩኸት አብሮት አፈር ገባ።

ወሬው ደርሶኝ ከአዲስ አበባ ስመጣ ተቀብሯል። የእስላም ቀብር አይዘገይም፤ በዚያ አልናደድም። ለቀስተኛው ጋብ ሲል ግን እናቴን «የእህቴን ሰርግ ቪዲዮ አምጪልኝ» አልኳት። ታላቅ እህቴ ያገባችው አባቴ ከመሞቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ኒካሁ ሲታሰር ዳሱ ውስጥ የነበሩት ወንዶቹ ናቸው። እኔ ሙሽራዋን ይዤ ፀጉር ቤት ነበርኩ፤ እናቴና ሴቶቹ ደግሞ ከመጋረጃው ማዶ ድስቱ ጋ፣ ከሚጮኸው ጀነሬተር አጠገብ። ከኒካሁ በኋላ አባቴ ተነስቶ ለሙሽሮቹ ዱዓ እንዳደረገ፣ ትልልቅ ሰዎችን እንዳስለቀሰ ሰምቻለሁ። ምን እንዳለ ግን አልሰማሁም። ቪዲዮው ላይ አለ አይደል፣ ሲመጣ እሰማዋለሁ ብዬ ነበር። ማንም ቢሆን እንዲህ ነው የሚለው።

ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ዳሱ መጣ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ሼኹ መጡ። አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ብድግ አለ። መዳፎቹን ዘረጋ። አፉን ከፈተ። ዘፈን! አንዲት ሴት ስለ ከንፈር ታንጎራጉራለች። አባቴ ዱዓ እያደረገ፣ በአባቴ ከንፈር ላይ፣ የከንፈር ዘፈን! ይባስ ብሎ ካሜራማኑ ምስሉን ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርጎታል። መዳፎቹ በዝግታ ይወርዳሉ፣ ጭንቅላቱ ዙሪያ ቀያይ የልብ ቅርጾች ይንሳፈፋሉ፣ ከትከሻው ላይ ሁለት ነጭ ርግቦች ተነስተው ይበራሉ። እሱ ይናገራል፣ ሰዉ አሚን ይላል፣ እኔ የምሰማው ኦርጋን ነው። ያ አላህ! ላፕቶፑን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም።

«እሱም እኮ አይቶታል» አለችኝ እናቴ። «ቪዲዮው የመጣ ዕለት ሁላችንም ተሰብስበን አየነው። ‹ይሄ ልጅ ዲዳ አደረገኝ እኮ!› ብሎ ጮኸ። ሳቅን። እሱም ሳቀ።»

በቃ፣ ሳቁ። ተነስቶ ያልተነካውን አምጣ ያለ አንድ ሰው የለም። እህቴ እንኳን፣ ሙሽራዋ ራሷ፣ «ርግቦቹ ግን አያምሩም?» አለችኝ በስልክ። መልስ ሳልሰጣት ዘጋሁት።

በማግስቱ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ነው። ካሜራማኑ ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ፀጉሩን የሚያሳምር፣ ለማንም ክፉ የማይመኝ ሰው ነው፤ ይሄ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። ወንበር ሳበልኝ።

«አላህ ይዘንላቸው። አባትሽ ትልቅ ሰው ነበሩ» አለኝ።

«የኒካሁን ቪዲዮ ያልተነካውን ስጠኝ። ከነድምፁ።»

«ከነድምፁ?» አለ፣ ከነጭቃው ያልኩት ይመስል። «እህቴ፣ ድምፁማ ቆሻሻ ነበር። ጀነሬተር ገብቶበታል፣ ልጆች ይጮሃሉ፣ ሰዉ አሚን አሚን ይላል። አጸዳሁላችሁ እኮ!»

«አባቴን ነው ያጸዳኸው! ሜሞሪው የት አለ?»

«ከእናንተ ቀጥሎ ቦርደዴ ሰርግ ነበረብኝ። ፎርማት አድርጌ ይዤው ሄድኩ» አለኝ። ፊቴን ሲያይ ሊያጽናናኝ ፈለገ። «ሜሞሪ እንደ ሰሃን ነው እህቴ። ታጥቦ ሌላ ሰው ይበላበታል።»

ደሜ ፈላ። ኮምፒዩተሩን ራሴ ከፍቼ ፈተሽኩት፤ ያለው ያው ልብና ርግብ ያለበት ነው። እሱ ከኋላዬ ቆሞ «ግዴለሽም፣ ከፈለግሽ በዘፈኑ ፋንታ መንዙማ አደርግልሻለሁ። በነፃ» አለ። በነፃ! የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት፤ በኦሮምኛ የጀመርኩትን በአማርኛ ጨረስኩት። ጎረቤት ያለው ባለ ሱቅ ወጥቶ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ሲል፣ አንዱ ጫቱን እንደያዘ «የዚያ የቡና ነጋዴ ናታ፣ ጩኸቱን ከማን ትወርሰው» ሲለው ሰማሁ። ሰድቤ ወጣሁ። አልቀለለኝም።

ትምህርት ሲከፈት ተመለስኩ። የመምህራችን የሳምንቱ ርእስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ድምፅን ከምስል መነጠል! አፉ እየተንቀሳቀሰ የማንሰማው ሰው ተመልካቹን ከለመደው ነገር ያነቃዋል አለ። ነፃነት ነው አለ። ዝምታ የራሱ ውበት አለው አለ፣ እጁን እያወዛወዘ።

«የእኛ ከተማ ካሜራማን ይሄን ከጀመረ ቆይቷል» አልኩ ብድግ ብዬ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «አገሩን ሙሉ ዲዳ አድርጎ በየጭንቅላቱ ላይ ርግብ ያበርራል። ነፃነት ከሆነ እሱንም ይጥሩትና ያስተምረን!»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ዱዓውን፣ የከንፈሩን ዘፈን፣ ሰሃኑን። መምህሩ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ዝምታውም እኮ የሚናገረው ነገር አለ» ሲለኝ ፈነዳሁ።

«ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል መምህር! ቤታችን ነቅዟል!»

ከክፍል ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝና «የመመረቂያ ፊልምሽ ይሄ ነው» አለኝ። ባሰብኝ። አባቴ ሞተ ስል እሱ የሚታየው ፊልም ነው። ዶርም ገብቼ ሳስበው ግን የካሜራማኑና የእሱ ነገር አንድ ሆነብኝ። አንዱ ድምፅን ቆሻሻ ይለዋል፣ ሌላው ልማድ ይለዋል፤ ሁለቱም ሲያሻቸው የሚያወልቁት ካፖርት ነው የሚመስላቸው። ምስል ከሰውየው ላይ ተነስቶ የሚመጣ ነገር ነው። ብርሃኑ ቆዳውን ይነካና ይመለሳል፣ እዚያው ያበቃል። ድምፅ ግን ከሰውየው ውስጥ ወጥቶ እኔ ውስጥ ይገባል። የአባቴ ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አንድ ቀን እንኳን «በላሽ?» ብሎኝ አያውቅም። ፈልጌ አገኘዋለሁ ብዬ በእልህ ተነሳሁ። ፊልም ሆነ አልሆነ ጉዳዬ አልነበረም።

መንገዱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ዳሱ ውስጥ ስልክ ያልያዘ ወንድ አልነበረምና ከካሜራማኑ ያመለጠው ከአንዱ ኪስ አይጠፋም። ለእረፍት ጭሮ እንደገባሁ ከአጎቶቼ ጀመርኩ። ሁሉም «አለኝ፣ አለኝ» ይላሉ። የአንዱን ስከፍት ሼኹ ሲያስተምሩ አለ፣ አባቴ የሙሽራውን እጅ ሲጨብጥ አለ፣ ከዚያ ተቋረጠ። የሌላውን ስከፍት እዚያው ቦታ ተቋረጠ። የሦስተኛውም እዚያው። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ምን ነካቸው እነዚህ ሰዎች? አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል ሁሉም የተማከሩ ይመስል ይዘጉታል! አንዱን አጎቴን ጮኽኩበት፤ «ባትሪ አልቆ ይሆናል» አለኝ፣ እሱም ግራ ገብቶት።

ከቅርብ ሰዎቹ የቀሩት የአባቴ የመቻራ ወዳጅ ናቸው፤ ቡና አብረው ሲነግዱ የኖሩ ሽማግሌ። በሚኒባስ ስንገጫገጭ ውዬ መቻራ ደረስኩ። ስልካቸው መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው። «እኔ ምንም አልቀረኝም፣ ሁሉንም ይዤዋለሁ» አሉኝ፣ በኩራት። ጎናቸው ተቀምጬ ከፈትነው። አባቴ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እህህም!» እሱ ነው፣ ድምፁ ነው። ከዚያ ምስሉ ተገለበጠ፣ የዳሱ ጣሪያ ታየ፣ ጨለመ፣ ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፣ አለቀ።

«ለምን አቆሙት?» አልኳቸው።

«ዱዓ ነዋ ልጄ!» አሉኝ፣ ሁለት መዳፎቻቸውን እየዘረጉ። «በየትኛው እጄ ልያዘው?»

መዳፎቻቸውን እያየሁ ቁጭ አልኩ። ለካ ነገሩ ይሄ ነበር። አባቴ ለዱዓ ሲነሳ ዳሱ ሙሉ ሰው ስልኩን ኪሱ ከቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። እዚያ ውስጥ እጁን ያልዘረጋ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ካሜራማኑ። አባቴን ይዞ ሊያስቀርልኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ አጠበው። በሽማግሌው መናደድ አልቻልኩም። ለአባቴ አሚን ሊሉ እጃቸውን በዘረጉ ሰዎች እንዴት ይናደዳል? መናደድ አለመቻሌ ራሱ አናደደኝ።

«ታዲያ ምን አለ? እርስዎ ሰምተዋል አይደል?» አልኳቸው።

«መረቀ።»

«ምን ብሎ?»

«እንደሚመረቀው ነዋ! ረቢ ሃ ኬኑ፣ አላህ ይስጣችሁ፣ ውለዱ ክበዱ...» አሉና ቆሙ። ዓይናቸው ወደ ግቢያቸው ቡና ሄደ። «ውብ ነበር። ቃሉ ግን የለኝም ልጄ።»

የማንም የለውም። አንዱ ስለ ዝናብ መረቀ ይላል፣ አንዱ ስለ ቡና፣ አንዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለቅስ ስለነበር አልሰማሁም ይላል። በእጄ የገባው ጉሮሮ ጠረጋ ብቻ ነው፤ ከመቻራ መልስ ከየሰርገኛው ኪስ የተለቀመ «እህህም»፣ አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ የሕፃን ለቅሶ የገባበት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት በእልህ ነው። የካሜራማኑን ቪዲዮ ወስጄ ዘፈኑን አወጣሁ። ያንቀራፈፈውን ፍጥነት ወደ ቦታው መለስኩ። ልቦቹና ርግቦቹ ምስሉ ላይ ተጋግረዋል፣ አይወጡም፤ ስለዚህ ከአባቴ ፊትና ከመዳፎቹ በስተቀር ሁሉንም አጨለምኩት። ድምፅ በሌለው ጨለማ ውስጥ አፍና ሁለት እጅ ቀሩ። ደጋግሜ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። አንድ ምርቃት ባለቀ ቁጥር መዳፎቹ ትንሽ ዝቅ ይላሉ። አሚን የሚባለው እዚያ ላይ ነው። የእሱን ድምፅ ካጣሁ የመለሱለትን ሰዎች ድምፅ አላጣም አልኩ። እናቴ ለእሱ ሰደቃ ልታወጣ አስባ ነበር፤ ያኔ ዳስ ውስጥ የነበሩት ሁሉ እንዲጠሩ ነገርኳት። ፊልሙን አሳያቸዋለሁ፣ እጁ ዝቅ ሲል አሚን ይላሉ፣ እኔ እቀርጻለሁ።

ችግሩ ፕሮጀክተር ነው። ከተማ ውስጥ የሚያከራይ አንድ ሰው ነው ያገኘሁት፤ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል! ሄጄ ጠየቅኩት። «ለአባትሽ ሰደቃማ ኪራይ የለም፣ ራሴ መጥቼ እተክለዋለሁ» አለ። አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩት።

የሰደቃው ቀን፣ ምሳ ተበልቶ ዙህር ከተሰገደ በኋላ፣ ወንዶቹ ሳሎን ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡ። የመቻራው ሽማግሌ ከፊት ናቸው። እናቴና ሴቶቹ እንደ ሰርጉ ቀን ከመጋረጃው ማዶ። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፈንኳቸው፤ በአንዱ ቀዳዳ የገባች ፀሐይ ጣሪያው ላይ ትንሽ ክብ ሠርታ ቀረች። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርኩ። ካሜራዬን ወደ አንሶላው አዙሬ፣ ድምፅ መቅረጫዬን ሰዉ መሃል ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ካሜራማኑ ከኋላ ፕሮጀክተሩ ጋ ቆመ። ሰርግ የሚቀርጽባትን ትልቅ መብራትም አንጠልጥሎ መጥቷል፤ ምን ሊያደርግባት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

መጀመሪያ «እህህም» ተሰማ። ሌላ «እህህም»። አንድ አጎቴ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ዝም፤ ጨለማው ላይ የአባቴ አፍና እጆች ብቻ። መዳፎቹ ዝቅ አሉ። ሽማግሌው ቀድመው «አሚን» አሉ። ሁለተኛ ዝቅ ሲሉ ሳሎኑ በሙሉ «አሚን!» አለ። ቃሉን ማንም አያስታውስም፣ የት ጋ አሚን እንደሚባል ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ አንድም ሰው አልቀደመም፣ አንድም ሰው አልዘገየም። ከመጋረጃው ማዶ የሴቶቹ አሚን ተከተለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ንዴቴ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ።

ከዚያ አንድ ቦታ ላይ አባቴ እጆቹን ጥሎ አፉን በኃይል ሲያንቀሳቅስ፣ አሚን በማለት ፋንታ ሳቁ። ሳሎኑ ሙሉ ሰው፣ በሰደቃ ቀን፣ በአባቴ ላይ ሳቀ! ፊልሙን ቀጥ አደረግኩት።

«ምን ያስቃል?»

«አትቆጪ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይሄ ዱዓ አይደለማ። እዚህ ጋ ተቆጥቶ ነበር።»

«ማንን?»

ሁሉም ዞሮ ወደ ኋላ፣ ወደ ፕሮጀክተሩ ተመለከተ። ካሜራማኑ አንገቱን ደፋ።

«መብራቱን ዓይናቸው ውስጥ ከትቼባቸው ነበር» አለ።

«ምን አለህ?»

«እ... እንዲህ ነው ያሉኝ። ‹አንተ፣ ይሄን መብራት ከፊቴ ላይ አንሳ። የምመርቀው ልጆቼን ነው እንጂ ካሜራህን አይደለም።›»

«ልክ እንደሱ!» አለ አንዱ። «ወላሂ፣ እንደሱ ነው ያለው!» አለ ሌላው። ምርቃቱን የረሳ ሁሉ ቁጣውን በቃሉ ይዞታል። ስንት የተንከራተትኩለት የአባቴ ቃል ተገኘ፤ የተገኘው ግን ከማን አፍ ነው? ካጠበው ሰው! ጥርሴን ነክሼ ወደ መቅረጫው ጠጋ ብሎ እንዲደግመው ነገርኩት። መጣና ጉልበቱን አጥፎ፣ እጁን አጣምሮ፣ ፈተና እንደሚያነብ ተማሪ ደገመው።

«እንደሱ አይደለም» አለች እናቴ ከመጋረጃው ማዶ።

ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞረ።

«ቃሉ ነው» አለች። «ድምፁ አይደለም። እንዲህ ተለሳልሶ ቢሆን እኛ ድስቱ ጋ ሆነን እንሰማው ነበር? ጮኾ ነው።»

ካሜራማኑ ትንሽ ጮክ ብሎ ሞከረ፤ ባሰበት። ሰዉ መሳቅ ጀመረ። እሱም አፍሮ፣ ቢያንስ የሚችለውን ላድርግላት ብሎ መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ተመለሰና «ድምፁ ካልሆነልሽ የሰዉን ምስል ልያዝልሽ» ብሎ ያቺን መብራት አበራት። ብርሃኗ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። አንሶላው ነጭ ሆነ። አባቴ ከአንሶላው ላይ ጠፋ፤ አፉም እጁም፣ ሁለተኛ ጊዜ፣ በዚያው ሰው እጅ።

«አንተ!» አልኩ። «ይሄን መብራት ከፊቴ ላይ አንሳ! የምመርቀው ልጆቼን ነው እንጂ ካሜራህን አይደለም!»

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ለምን እንደጨመርኩት አላውቅም። ልጅ የለኝ፣ የምመርቀው የለኝ። ከየት እንደወጣ እንጃ፣ እየደረቀ፣ እየጎረነነ፣ ከሞተር በላይ እንደሚጮህ ሰው ነው የወጣው። ቆርቆሮው ነዘረ። አንድም ሰው አልሳቀም። ካሜራማኑ መብራቱን ማጥፋት አቅቶት አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሽማግሌው ቀስ ብለው ጫታቸውን ምንጣፉ ላይ አኖሩና ሁለት መዳፎቻቸውን ዘረጉ።

«አሚን» አሉ።

ከመጋረጃው ማዶ የሆነ ነገር ወድቆ ተንከባለለ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«እሱ ነው» አለች። «እሱ ነው። ያ አላህ፣ እሱ ነው።»

ፊልሙን አዲስ አበባ ወስጄ እንደሆነው አሳየሁት። በጨለማ ውስጥ እጆች፣ አሚን፣ ሳቅ፣ በመጨረሻ ነጭ አንሶላና አንድ ጩኸት። መብራት ሲበራ መምህራችን ብዕሩን እንደያዘ «መጨረሻ ላይ ያለው ድምፅ የማን ነው?» አለኝ።

«የአባቴ።»

«የሴት ድምፅ ነው እኮ።»

«አዎ፣ የሴት ነው» አልኩት። «የአባቴ ነው። ሌላ ጥያቄ አለዎት?»